እንዳይመለስ የተጫረትነው ጋቢ

የኔሰው ጨረታ መምራት የሚወደውን ያህል ጂኦግራፊ ማስተማር ቢወድ ኖሮ ተማሪዎቻችን የት በደረሱ። ድምፁ ደባርቅ ገበያ ድረስ ይሰማል፤ ቀልድም አያልቅበትም። ስለዚህ የበጎ አድራጎት ክበቡ ተማሪዎች፣ ከጃናሞራ መጥተው ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ጓደኞቻቸው ብርድ ልብስ መግዣ ጨረታ ሲያዘጋጁ ማይኩን ለእሱ ሰጡት። እኔን ገንዘብ ተቀባይ አደረጉኝ። መምህርት ነገር አታበዛም ብለው ነው አሉ፤ ሆዴን ቢያውቁት ጉድ ነበር።

ጨረታችን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ያሸነፈ ሰው ዋጋውን ይከፍልና ዕቃውን መልሶ ይሰጣል፤ ዕቃውም እንደገና ይጫረታል። አንዲት ዶሮ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ትውላለች። አሸንፎ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ባይነገረውም ይታማል።

ከዶሮዋ ቀጥሎ የኔሰው አንድ ጋቢ አነሣና አቶ ሻረው ያበረከቱት መሆኑን ተናገረ። ደነገጥኩ። አቶ ሻረው ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ የተማሪዬ የማስተዋል አባት ናቸው። ያን ጋቢ የፈተለችው አምና ያረፈችው ባለቤታቸው በለጠች ናት። ማስተዋል እናቷ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። ዞር ብዬ ስፈልጋት ከኋላ ቆማ ጋቢውን ታያለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አባቷ እንደሚሰጡት አልነገሯትም ማለት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነጋዴ አሸንፎ መለሰው። ቀጥሎ አንድ አስጎብኚ አሸንፎ መለሰው። በሦስተኛው ዙር ማስተዋል እጇን አወጣች። የጠራችው ዋጋ ለጫማ ስታጠራቅመው የከረመችው ገንዘብ በሙሉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የምታስቀምጠው እኔው ጋ ነበር። ተማሪ ስለሆነች ማንም አልጨመረባትም፤ አጨበጨቡላት። የኔሰው ጋቢውን ክንዷ ላይ ጣል እንዳደረገ፣ እንደ ልማዱ ሳይጠይቃት፣ ማስተዋልም መልሳለች ብሎ እጁን ዘረጋ።

አልሰጠችውም። ቀልድ መስሎት ጎተት አደረገው። እሷ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። አዳራሹ ማንሾካሾክ ጀመረ፤ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ የዛሬ ልጅ ስስታም ነው ስትል ሰምቼ ዞሬ ገላመጥኳት።

«አልመልስም» አለች ማስተዋል። «የእናቴ ነው።»

ማይኩ አጠገቧ ስለነበር ሁሉም ሰማ። የኔሰው እጁን ሰበሰበ። ልሄድላት ብድግ ስል አቶ ሻረው ቀደሙኝ። ከፊት ወንበር ተነሥተው እንደ ተጫራች እጃቸውን አወጡ።

«ጋቢው እንዳይመለስ አምስት መቶ» አሉ።

የኔሰው ነፍስ ዘራ። እንዳይመለስ አምስት መቶ፣ ማን ይጨምራል እያለ አዳራሹን ዞረ። ነጋዴው ጨመረ፤ አስጎብኚው ጨመረ፤ ያቺ ሐሜተኛም ጨመረች። እኔም ገንዘብ ተቀባይነቴን ረስቼ ጨመርኩ። በዚያ ቀን የጋቢውን ያህል ገንዘብ ያስገባ ዕቃ አልነበረም፤ እሱ ግን ከማስተዋል እቅፍ አልወጣም።

አቶ ሻረው ጫጫታውን ትተው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ስለቆሙ ሰማኋቸው።

«የእናትሽን ሣጥን በከፈትኩ ቁጥር ፊትሽን ታዞሪያለሽ» አሏት። «ማየቱ የሚከብድሽ መስሎኝ እኮ ነው የሰጠሁት፣ ልጄ።»

«አንተ ስታለቅስ እንዳላይህ ነው የምዞረው» አለቻቸው። ከዚያ አንገቷን ደፋች። «ወፍጮ ቤት ስትሄድ አውጥቼ እለብሰዋለሁ።»

አቶ ሻረው እጃቸውን ዘረጉ። የጋቢውን ጫፍ ያዙ።

«እኔም» አሉ፣ «አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ።»