በአራት ምስክር

«ይሄን ገጽ ማን ጻፈው?» አለ ደጉ፣ የጨዋታቸውን መዝገብ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ።

ያለምወርቅ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቀና አላለችም። የተጣበቀ ወረቀት የምታወጣ መስላ ክዳኑን ከፍታ ዘጋችው። ማሽኑ ውስጥ ምንም ወረቀት አልነበረም።

«ምንይችል ነዋ!» አለች ትዕግስት። «ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሑፉን ማን ያጣዋል?»

«ቀኑን እዪው። መጋቢት ሃያ ሁለት ይላል። ምንይችል የተቀበረው በጥር ነው።»

በዳንግላ እሁድ ከሰዓት ይህ የያለምወርቅ ሱቅ ለደንበኛ ዝግ፣ ለጨዋታ ክፍት ነው። ጨዋታው «የጨው በር» ይባላል። ባለቤቱ የውጭ አገር ኩባንያ ሲሆን፣ አንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ ፈቃድ ወስዶ ታሪኩን በአማርኛ መጽሐፍ በመጽሐፍ ያወጣዋል። ተጫዋቹ አንድ ሰው ፈጥሮ፣ ከአንድ እስከ ስድስት የተቆጠረ ዳይስ እየጣለ በዚያ ዓለም ውስጥ ያስጉዘዋል። ኔትወርክ በጠፋበት፣ መንገድም በተዘጋበት ዓመት ሦስተኛው መጽሐፍ ሳይደርሳቸው ቀረ። ጨዋታውን ግን አላቆሙም። ያልተጻፈውን ራሳቸው እየጻፉ ቀጠሉ፤ የራሳቸውን ሕግም አወጡ፦ በአራት ምስክር ፊት የተጣለ ዳይስ ብቻ መዝገብ ይገባል። ያኔ ከምንይችል ጋር አራት ነበሩ። ምንይችል የፈጠረው ሰው ፈረሰኛው ደሴ ነበር፤ ፈረሱንም ቦራ ብሎ በአባቱ የጋሪ ፈረስ ስም ጠራው።

በጥር ምንይችል ለዚሁ ሱቅ ወረቀት ሊያመጣ ጫግኒ ሄደ። ሬሳው ተመለሰ። ማን እንደተኮሰበት፣ የት እንደወደቀ ግን አየሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሁን ኔትወርኩ ሲመለስ ሦስተኛው መጽሐፍም ተከትሎ መጣ። ገና በመጀመሪያው ገጽ የጨው በር ከተማ ከነሰዉ ተቃጥሏል። ከተማው ከተቃጠለ ከዓመት በኋላ ከዚያ የተነሣው ደሴ እንግዲህ ጭራሽ አልነበረም ማለት ነው። አሳታሚው ቅጽ ልኳል፤ መመዝገብ የሚፈልግ ቡድን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መዝገቡን ይላክ፣ ከመጽሐፉ የሚጋጨው ሁሉ መሰረዙንም ይፈርም ይላል። የተመዘገበ ቡድን ስሙ በአራተኛው መጽሐፍ ላይ ይወጣል። ያለምወርቅ ጠዋት ያተመችው ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ደጉ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ ስለነበር ክርክር ሲጀምር አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል።

«አንደኛ፣ ባለቤቶቹ ከተማው ተቃጥሏል ካሉ ተቃጥሏል። ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ያልተቆጠረ መጽሐፍ የፈለገውን ያህል ቢያምር ቅዳሴ ላይ አይነበብም።»

«ደግሞ ጨዋታውን መጽሐፍ ቅዱስ አደረግኸው!» አለች ትዕግስት። «እኛ በራችንን ዘግተን ተኩስ ስናዳምጥ ሰዎቹ የት ነበሩ? ያን ሁሉ ጊዜ አልነበራችሁም ሊሉን ነው?»

«ሁለተኛ፣ የራሳችን ሕግ አለ። ይሄ ሲጣል ያየሽው ነገር አለ? እኔ አላየሁም። በእነሱም ሕግ በእኛም ሕግ ውሸት ነው።» ወደ ያለምወርቅ ዞረ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው እሁድ የምንይችል አባት ጋሽ አየነው ጋሪያቸውን ደጃፏ ላይ አቁመው «ቦራ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቋት። ልጃቸው እሁድ ማታ እራት ላይ ይነግራቸው ነበር። ወንዝ ዳር ቆሞ ቀረ ማለት አቃታትና ተሻገረ አለቻቸው። በሚቀጥለው እሁድ ተራራ ጨመረች፣ ቀጥሎ ገበያ። እንዳይምታታባት መዝገቡ ላይ መጻፍ ጀመረች፤ እጇ ለምን የምንይችልን ጽሑፍ እንደመሰለ እሷም አታውቅም። አሥራ ሁለት እሁድ ዋሸች። አሁን ያስፈራት ደጉ አልነበረም፤ ሰውዬው ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደሚሆን ነው።

የጋሪ ቃጭል ደጅ ላይ ቆመ። ጋሽ አየነው አለንጋቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ገቡ። ሦስቱም ተነሡ።

«ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ። እንዴት ዋላችሁ? ቦራ የት ደረሰ?»

«ጋሼ» አለች ያለምወርቅ። «የትም አልደረሰም። ስነግርዎት የከረምኩት ሁሉ የራሴ ፈጠራ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ባዶውን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አውቄ ነበር እኮ ልጄ። ያን ተራራ ቦራን ቁልቁል በሩጫ አስወረድሽው። ምንይችል ፈረስ ቁልቁለት አያስሮጥም። እኔ ነኝ ያሳደግሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እሁድ እሁድ የምሄድበት ቤት አገኘሁ ብዬ ነዋ።» አለንጋውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «እውነተኛው ታሪክ የት ላይ ነው የቆመው?»

ደጉ ገጾቹን ወደ ኋላ ገልጦ አነበበ። «ደሴ ወንዙ ዳር ደረሰ። ወንዙ ሞልቷል። በሚቀጥለው እሁድ እንሻገራለን።»

«እንግዲያው ይሻገር።»

«አራት ሰው ያስፈልጋል፣ ጋሼ።»

ጋሽ አየነው በአለንጋው እጀታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሯቸውና በመጨረሻ የራሳቸውን ደረት ነኩ። ደጉ እየተንተባተበ አስረዳቸው፤ አንድ ወይም ሁለት ከመጣ ደሴንም ፈረሱንም ውኃው ይወስዳቸዋል፣ ሦስት ወይም አራት ከሆነ ፈረሱ ብቻ ይወጣል፣ አምስት ወይም ስድስት ከሆነ ሁለቱም ይሻገራሉ። ሽማግሌው ዳይሷን መዳፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩዋትና ጣሉ።

ሦስት ነበር።

«ዳይሷ መዝገቡን ነክታለች» አለ ደጉ ፈጥኖ። «መዝገብ የነካ ይደገማል፤ ሕጉ ነው።» ያለምወርቅ ደጉ ሲዋሽ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«አልነካችም» አሉ ጋሽ አየነው። «ዓይኔ ደህና ነው። ጻፊው።»

ያለምወርቅ በራሷ እጅ ጽሑፍ ጻፈች፦ ደሴን ወንዙ ወሰደው፤ ቦራ ብቻውን ወጣ። ትዕግስት እያለቀሰች ፈረመች። ደጉ ቀኑን ጨምሮ ፈረመ። ጋሽ አየነው መጻፍ ስለማይችሉ ያለምወርቅ የማኅተሙን ቀለም ከመሳቢያ አወጣችላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው መዝገቡ ላይ ተጫኑ፤ አሻራው እስኪያዝ ድረስም አላነሱትም።

«ለልጄ አየሁ የሚል አንድ ሰው አጣሁ» አሉ። «ይሄኛው ግን አራት ምስክር አለው።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ጋሽ አየነው ቀለም የነካ ጣታቸውን አየር ላይ ይዘው መጥረጊያ በዓይናቸው ፈለጉ። ያለምወርቅ ያልተፈረመውን የአሳታሚውን ቅጽ ከጠረጴዛው አንሥታ ዘረጋችላቸው።

«ይሄማ የተጻፈበት ነው። ለሥራ አይሆንሽም?»

«ይጥረጉበት፣ ጋሼ» አለች።