የቶርኪል ጣሪያ

"ያፈሳል፣ አባዬ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያፈስ ኖሯል። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?"

"ማፍሰሱን መቼ ካድኩ? የኔ ጣሪያ ነው ያፈሰሰው። የኔ ነው እያልኩህ ነው።"

ያኑስ የመኪናውን ሞተር አጠፋ። ፊት ለፊታቸው አባቱ ቶርኪል በወጣትነታቸው የነደፉት የከተማው ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ዝቅ ያለ፣ ከጀርባው ካለው ባሕር ጋር አንድ መስመር የያዘ። አሁን ግን በጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ አናጢዎች የሾለ የጣሪያ እንጨት አቁመውበታል። ንድፉ የያኑስ ነው። እንጨቱ ቆሞ ስላለቀ እንደ አገሩ ልማድ ጫፉ ላይ የቅጠል ጉንጉን ተሰቅሏል፤ ለሠራተኞቹ ቢራና ቋሊማ ቀርቧል።

"ዛሬን ብቻ ዝም በልልኝ" አለ ያኑስ። "አዲሱን ትምህርት ቤት ማን እንደሚነድፈው ከንቲባዋ ገና አልወሰነችም። እሱን ካጣን ቢሮው ይዘጋል።"

"ቢሮው በር ላይ ያለው ስም የማን ነው?"

"ያንተና የኔ። ችግሩስ እሱ አይደል?"

ቶርኪል ከመኪናው ወረዱ።

"ሽማግሌው መጡ" አለ አንድ አናጢ ቢራውን እንደያዘ። "ዣንጥላ ይዘዋል?"

"ከዚህ ቤት ጋር ከተዋወቅን ወዲህ ያለሱ ወጥቼ አላውቅም።"

አናጢዎቹ ሳቁ። ቶርኪልም ፈገግ አሉ።

ያኑስ ሳጥን ላይ ወጣ። "አባቴ ይህን ቤት ሲነድፍ እንዲህ ያለ ጣሪያ ነበር የፈለገው" አለ። "ምክር ቤቱ ነው ገንዘብ የለም፣ ጠፍጣፋ ይሁን ያለው። እኔ የአባቴን ሐሳብ ጨረስኩለት እንጂ የራሴን አልጀመርኩም።"

ሁሉም አጨበጨበ።

በእውነቱ ግን የሾለ ጣሪያ የጠየቀው ምክር ቤቱ ነበር። ቶርኪል ባሕሩን አልከልልም ብለው ክረምቱን ሙሉ ተሟገቱ፤ ሥራውን ጥዬ እሄዳለሁ እስከማለት ደርሰው አሸነፉ። በሕይወታቸው ያሸነፉት ክርክር እሱ ብቻ ነበር።

ከንቲባዋ መጥታ እጃቸውን ያዘች። "ባላጠፉት ጥፋት ስናማዎት ኖርን። ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩን?"

ያኑስ ከትከሻዋ በላይ አባቱን ያያል። ቢራው እጁ ላይ ቀርቷል።

"ልጄ ታሪኬን ከኔ የበለጠ ያውቀዋል" አሉ ቶርኪል፤ ብርጭቋቸውንም አነሡ።

ያኑስ ተንፈስ አለ። ወዲያው ከንቲባዋን ፈቀቅ አድርጎ ስለ ትምህርት ቤቱ መስኮቶች ያስረዳት ጀመር። አናጢዎቹ ቋሊማው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ቶርኪል ያልጨረሱትን ቢራ ሳጥኑ ላይ አስቀመጡ፤ የልጃቸውን መኪና አልፈው፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ሳያዩ፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ።