የዋልነት መዶሻ

ዛሃሪ ጆሮው እንደከዳው ያወቀው በጣቱ ነው።

የጊዮርጊስ በዓል ሳምንት ሲቀረው፣ እረኛው ሚንቾ ያዘዛቸውን አሥራ ሁለት የበግ ቃጭሎች እየወለወለ ሳለ የትንሿን ከንፈር በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ጠባብ የመዶሻ ምት አገኘ። የእሱ መዶሻ ፊቱ ሰፊ ነው፤ በመንደሩም ሌላ ቃጭል ሠሪ የለም። ሁሉንም አገላበጠ። ስምንቱ ላይ ያለው የገዛ እጁ ነው። አራቱ ትንንሾች ላይ ግን ያ ባዕድ ምት አለ።

ትንሿን ጆሮው ሥር ይዞ መታት። ምንም አልሰማም። እንደገና ሲመታት ከጥጥ ክምር ውስጥ የመጣ የሚመስል ነገር ሰማ።

የአንድ መንጋ ቃጭሎች እርስ በርስ ካልተስማሙ፣ የሮዶፒ ተራሮች ጭጋግ ሲወርድ እረኛው የራሱን በጎች ከሰው በጎች አይለይም። ዛሃሪ ስም ያተረፈው ቃጭሎችን በመዶሻ እየመታ ድምፃቸውን በመቃኘት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ሰዉ ሁሉ ማንሾካሾክ ለመደ እያለ ሲቆጣ ከርሟል፤ ቄሱንም ሳይቀር።

ትንሿን ቃጭል ይዞ ወደ ማድ ቤት ገባ። ሚስቱ ሩሳ ቦሎቄ ትለቅማለች። ከመሳቢያው፣ ቅርፊተ ጠንካራውን የዋልነት ፍሬ መስበሪያዋን መዶሻ አውጥቶ ከምቱ ጋር አስተያየው። ልክክ አለ።

«ይቺ ዋልነት ብቻ አይደለም ለካ የምትመታው» አላት።

ሩሳ ከቦሎቄው ቀና አላለችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ይሄ ሦስተኛ ጸደዬ ነው። አንተ ገበያ ስትሄድ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። አልሰማኸኝም።»

ዛሃሪ መዶሻዋን ቦሎቄው አጠገብ አስቀመጠ። ሩሳ ይሄኔ ቀና አለች። «ሠላሳ አራት ዓመት ከግድግዳው ማዶ ተቀምጬ ሹራብ ስሠራ፣ አንዷን ቃጭል መቶ ጊዜ ስትመታ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሌላ ምን ሥራ ነበረው?»

ዛሃሪ ሦስት ቀን የወናፉን እሳት ሳያነድ ቆየ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ሩሳም ተደብቃ መቃኘቷን አትተውም። ሱቁን ቢዘጋም ሰው አረጀ ይላል እንጂ አይፈርድበትም። ሁለቱም ቀሊል መንገድ ነው፤ ሁለቱም አላማረውም። በአራተኛው ቀን ሩሳን አጠገቡ አስቀምጦ የቤቱን ቃጭል ሁሉ አንድ በአንድ መታ። የሚሰማውን በቀኝ፣ የማይሰማውን በግራ ደረደረ። በግራ ያሉት እሱ ከፈራው ያነሱ ነበሩ።

«ምልክትሽ ምን ይሁን?» ሲል ጠየቃት። እያንዳንዱ ቃጭል ላይ የእሱ ምልክት፣ ትንሽ ፀሐይ፣ ይመታል።

«ዋልነት ነዋ» አለች።

ሚንቾ በበዓሉ ዋዜማ መጣ። ቃጭሎቹን በገመድ አንጠልጥሎ ነቀነቃቸውና ዓይኑን ጨፈነ። «ጋሽ ዛሃሪ፣ እንዳንተ ያለ ጆሮ የት ይገኛል?»

ዛሃሪ የያዘውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ትንንሾቹን የቃኘቻቸው ሩሳ ናት። የዘንድሮውን ብቻ እንዳይመስልህ፣ የአምናውንም የካቻምናውንም ጭምር። እኔ አልሰማቸውም። ካልፈለግክ ተዋቸው፤ አልቀየምህም።»

ሚንቾ ትንሿ ላይ ያለውን አዲስ ምልክት በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ዛሃሪን አልፎ ሩሳ ወደቆመችበት በር ተመለከተ።

«እትዬ ሩሳ፣ ያቺ ካቻምና የወሰድኳት ትንሽ ቃጭል ታለቃቅሳለች። ድንጋይ መትቷት ነው መሰለኝ። ላምጣልሽ?»

ዛሃሪን ወጋው። ወዲያውም አንድ ነገር ከትከሻው ወረደለት።

«አምጣት» አለች ሩሳ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

እረኛው ሲሄድ ዛሃሪ ሁለተኛ በርጩማ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠ። «የዋልነቷ ትቀልሻለች፤ ደህና መዶሻ እሠራልሻለሁ።»

«እኔ እዚህ ስቀመጥ ቦሎቄውን ማን ሊያየው ነው? ሊያርብኝ?»

«እኔ አለሁ» አለ ዛሃሪ፣ ወደ ማድ ቤት እየተራመደ። «አፍንጫዬ ገና ደህና ነው።»