ጳጉሜን ስድስት የሌላት ወንፈል

ኡበይድ ስለ ዕቃ ያለውን ሐሳብ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ሰው ነበር። ቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የስልክና የኮምፒውተር መጠገኛው ደንበኛ አዲስ ስልክ ይዞ ከገባ፣ መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። "ባትሪው አይወጣም?" ይላል። አይወጣም ካሉት ስልኩን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። "እንግዲያው ያንተ አይደለም፤ ተከራይተኸው ነው።"

እሱ ራሱ ቁልፎቹ የተፋቁ፣ ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ነበር የሚይዘው። ኮምፒውተሩ ላይም ሌላው ሰው ሁሉ የሚጭነውን የተሰረቀ ዊንዶውስ አላስገባም፤ ማንም በነጻ የሚወስደው ሊኑክስ ነው። "አንድ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ስልክ ይዞ አያፍርም?" እያሉ ይስቁበታል። እሱ አይቆጣም፤ አስቀምጦ ያስረዳል። ምሳሌው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወንፈል።

"ዛሬ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ታጭዳለህ። ነጻ ሶፍትዌር ማለት ይኸው ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል፣ ሁሉም ይጠቀማል።"

ስለዚህ የውሃ ተራ የምታወጣውን ፕሮግራም በጻፈ ጊዜ ስሟን "ወንፈል" አላት። ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር አሥራ ሁለት ገበሬዎች ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ በሞተር እየሳቡ ያጠጣሉ፤ ለአንድ ሰው በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ ይደርሰዋል። ተራው በቃል ሲያዝ ጭቅጭቅ አያጣውም ነበርና፣ ፕሮግራሟ ቀኑን ቆጥራ የተረኞችን ዝርዝር ታወጣለች። ለፈለገ ሁሉ በነጻ ለቀቃት። አናቷ ላይ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እንደፈለጋችሁ አርሟት፣ ለሌላም ስጧት። የጻፈውን ሰው ስም ግን አታጥፉ። ኡበይድ።"

መጀመሪያ የወሰዳት አብርሃም ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያሉ አንድ ክፍል ያደሩ፣ አንዲት ላፕቶፕ በፈረቃ የተጠቀሙ ወዳጆች ናቸው። አብርሃም ፍላሹን ኪሱ እየከተተ "ትንሽ ላሳምራት" ሲለው ኡበይድ ደስ አለው። ወንፈሉ ሊመለስለት ነው።

በግንቦት አብርሃም "ዘመናዊ ተራ" የሚባል በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፕሮግራም ይዞ፣ ከሆነ ኤግዚቢሽን ያገኘውን የፈጠራ ምስክር ወረቀትም አስከትሎ ወደ ውሃው ማኅበር መጣ። ማኅበሩ አጨበጨበለት፤ ዝርዝሩም ማኅተም እየተመታበት ሥራ ላይ ዋለ። ኡበይድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀረብ ብሎ አየው። እሱ በጥድፊያ "ተረኛ" ለማለት "ተረኘ" ብሎ የሳታት ፊደል እንኳ ሳትነካ እዚያው አለች። ስሙ ግን የለም።

ስልክ ደወለ። "ስሜስ፣ አብርሃም?"

"አቦ አንተ ደግሞ! በነጻ የሰጠኸውን ነገር ምን ታካብዳለህ?"

በነሐሴ ኡበይድ የራሱን ፕሮግራም ሲመረምር ስህተቱን አገኘው። ጳጉሜን ሁሌም አምስት ቀን ናት ብሎ ነበር የጻፈው። ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምህረት ግን ስድስተኛ ቀን አላት። ፕሮግራሟ ተረኛውን በፈረንጅ ቀን ቆጥራ ትመርጣለች፤ በአበሻ ቀን ስትጽፈው ግን ያቺን ቀን ስለማታውቃት፣ ተራው እዚያ ላይ ያረፈውን ሰው ከነስሙ ትዘለዋለች። አረማትና ስህተቱን ሊነግረው እንደገና ለአብርሃም ደወለ።

"የኔና ያንተ አሁን ሌላ ሌላ ነው" አለው አብርሃም። "ደግሞ የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጥም።"

ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ ዘይኑዲን ሄደ። ዘይኑዲን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ልጄ፣ ቅናት ይመስልብሃል። ተወው።" ገበሬዎቹ በየመሃሉ ተራ ስለሚለዋወጡና የጳጉሜን ዝርዝር ገና ስላልታተመ፣ ያቺ ቀን ማን ላይ እንደምታርፍ ኡበይድ ማወቅ አልቻለም። ራሱ የሠራው ቤት በር ተዘግቶበት ደጅ እንደቆመ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀረ። የጉድጓዱ ውሃ የሌለው ማሳ ሁሉ ቆሞ ደረቀ። ያቺ ቀን ያረፈችው ሀሊሜ ላይ ነበር፤ እናቱ ከሞተች በኋላ ኡበይድን ምሳ ሳይበላ ከደጇ ያላሳለፈችው ጎረቤቱ። ማሽላዋ ፍሬ ሊይዝ ተቃርቧል። ጳጉሜን ስድስት ጠዋት ቀኗን ቆጥራ፣ ቦይዋን ጠርጋ ብትጠብቅ፣ የሞተሩ ጠባቂ ወረቀቱን አሳያት። ከአምስት ወደ መስከረም አንድ ይዘላል።

"የለሽም፣ እትዬ። ማኅተም ያለበት ነው።"

ቀኑ የማንም አልነበረምና ሞተሩ ሳይነሳ ዋለ። በማግስቱ ተረኛ የነበረው የራሱ ማሳ ጠምቶበታል፤ ከሱ ቀጥሎ ያሉትም አንለቅም አሉ። ሌላ ተራ እስኪመጣ የሀሊሜ ማሽላ ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ከዚያም ነጣ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ማኅበሩ ተሰበሰበ፤ አብርሃምም ተጠርቶ መጣ። ኡበይድ የታረመችውን ፕሮግራም በላፕቶፑ ይዞ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀምጧል። ዛሬ ሁሉንም አወጣዋለሁ ብሎ ነበር የመጣው። አብርሃም ቀደመው።

"እውነቱን ልናገር" አለ ተነስቶ። "ይህችን ፕሮግራም መጀመሪያ የጻፋት እኔ አይደለሁም። ኡበይድ ነው። እኔ መልኳን ነው ያሳመርኩት። የቀኑ ስህተት የሱ ነው።"

ያቺን "ስሜን አታጥፉ" የምትል አንዲት ልመና አብርሃም ዛሬ አከበራት። ሲጨበጨብ ያልተጠራው ስም ማሽላው ከደረቀ በኋላ ተጠራ። ኡበይድ ከዚህ የባሰ ክህደት አይቶ አያውቅም፤ የሚያንገበግበው ደግሞ የተባለው ሐሰት አለመሆኑ ነው። ስህተቱን የጻፈው በገዛ እጁ ነው።

ሀሊሜ ከፊት ረድፍ ዞር አለች።

"ኡበይዴ፣ አንተ ነህ እንዴ የጻፍካት?"

ስለ ነሐሴው ስልክ፣ ስለ ተቆለፈው ፕሮግራም፣ ስለ ዘይኑዲን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ የወጣው ሌላ ሆነ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ወላሂ እኔኮ" አለች ቀስ ብላ፣ "ያ ልጅ ነው የሠራው ሲሉኝ፣ የኛው ኡበይድ ቢሠራት ኖሮ እኔን አይረሳኝም ነበር ስል ነው የከረምኩት።"

ሻሿን አስተካክላ ወደ ፊት ዞረች። ኡበይድ ቦርሳውን ሳይከፍት ተነስቶ ወጣ።