የታችኛው መስክ በር

እኛ ጋ መኪና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው ሥራ አለው፣ በር መክፈት። ወርዶ ይከፍታል፣ መኪናው ያልፋል፣ ይዘጋል፣ ሮጦ ይገባል። እኔ እግሬ የመኪናውን ወለል ሳይነካ ጀምሮ የአባዬ በር ከፋች ነኝ። ትምህርት ጨርሼ እንኳን ሹመቴ አልተቀየረም።

ሕግም አለው። ክፍት ያገኘኸውን ክፍት ትተወዋለህ፣ ዝግ ያገኘኸውን ትዘጋዋለህ። ለምን የሚባል ነገር የለም። ከብቶቹ የት መዋል እንዳለባቸው የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፣ አንተ ምን አግብቶህ። እዚህ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ አፉን ሳይፈታ ይሄን ያውቃል።

ሮዊና አታውቅም ነበር። ከወንዝ ቢሮ የተላከች የሜልቦርን ልጅ ናት። መጀመሪያ የመጣች ቀን የመንገዱን በር ብርግድ አድርጋ ትታው ገባች፣ ጥጆቹ በሙሉ አስፋልት ላይ ወጡ። እኔና አባዬ በዝናብ ስንሯሯጥ ቆይተን ስንመለስ በረንዳው ላይ ፋይሏን ታቅፋ ቆማለች፣ ነጭ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ።

«ከተማ ውስጥ በር የላችሁም?» አላት አባዬ።

«አለን። ግን ራሱ ነው የሚዘጋው» አለች።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባዬ አልሳቀም።

«እዚህ ራሱን የሚዘጋ ነገር የለም። እንዳገኘሽው ተይው። ሌላ ምንም ባይገባሽ ይሄ ይግባሽ።»

«በጣም ይቅርታ አቶ ዳሪል፣ እርስዎን ለማስቸገር አልነበረም...»

«እርስዎ አትበይኝ፣ ዳኛ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»

የመጣችበት ነገር ይሄ ነው። ከእኛ በታች ትልቅ የባህር ዛፍ ጫካ አለ፣ ወንዝ በየጊዜው ካልተኛበት የማይኖረው ቀዩ ባህር ዛፍ። ላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ወንዙ ሞልቶ ወጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ጫካው ቆሞ እየደረቀ ነው። ስለዚህ ቢሮው በየጸደዩ ከግድቡ ውሃ ለቆ ወንዙን ከዳር እንዲያወጣው ይፈልጋል። ውሃው ግን ጫካው ጋ ከመድረሱ በፊት የእኛን የታችኛውን መስክ ያለብሰዋል። ለዚህ የባለመሬቱ ፊርማ ያስፈልጋል። አንዴ ካሳ ይሰጥሃል፣ ከዚያ ለዘላለም ውሃው ሲመጣ አፍህን ትይዛለህ። መሬቱን ብትሸጠው እንኳን ገዢው ውሃውንም አብሮ ይገዛል። በወንዙ ዳር ያለው ሁሉ ፈርሟል። የቀረው አባዬ ነው።

አባዬ ጫካውን ጠልቶ አይደለም። ታች ያሉት የእማዬ ጊደሮች ናቸው።

እማዬ ካቻምና ክረምት ነው የሞተችው። ቀያዮቹን ከብቶች መርጣ እያዳቀለች ያመጣቻቸው እሷ ናት፣ ስማቸውን ሁሉ በኬክ ነው ያወጣችው፤ ፓቭሎቫ፣ ላሚንግተን፣ ዝንጅብሊት። ድርቁ ሲመጣ አባዬ ከሌላው አብዛኛውን ሸጠ፣ ከእነሱ ግን አንዷንም አልሸጠም። የእማዬን ልብስ እንኳን ሰጥተናል። እነሱ ብቻ ናቸው የቀሩን።

ሮዊና ስትመላለስ ከረመች። ቦት ጫማ ገዛች። እኔ የጋገርኩትን ድንጋይ የመሰለ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከረች ምንም ሳትል በላች። የጊደሮቹን ስም አጠናች። በር ላይ ደግሞ ጉድ ነበረች። ትወርዳለች፣ ትከፍታለች፣ ታልፋለች፣ ትዘጋለች፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ነቅነቅ አድርጋ ታያለች። ጎረቤታችን ኖርም አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ ሲያያት ቆየና፣

«ዳሪል፣ ይቺን ለምን አትቀጥራትም? ቴጋን እኮ ግማሹን ለንፋስ ትታ ነው የምትዘጋው» አለ።

«አንተ መጀመሪያ የራስህን አጥር ጠግን» አልኩት። ቴጋን እኔ ነኝ።

በስተመጨረሻ አባዬ ለዘብ አለ። ሻዩን ይዞ በመስኮት ወደ ታች እያየ፣ «አንድ ጊዜ ለሙከራ ልቀቁት» አላት። «ጊደሮቹ ምንም ሳይሆኑ ካለፈ እፈርማለሁ። አንድ ነገር ከሆኑ ግን ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ሁለተኛ አንነጋገርም።»

«ሐሙስ ነው የሚደርሰው።»

«እንግዲያው ረቡዕ ከገበያ ስመለስ ወደ ላይ አወጣቸዋለሁ።»

ተጨባበጡ።

ረቡዕ እኔና አባዬ ኤቹካ የከብት ገበያ ሄድን። ተራራው ላይ ግን ዝናብ ሲጥል አድሮ ኖሮ አንዱ ገባር ወንዝ ሞልቶ ከተለቀቀው ውሃ ጋር ተደረበ፣ ሐሙስ የተባለው ውሃ በዚያው ቀን ሊደርስ ሆነ። ሮዊና ጠዋት ይሄን ስትሰማ ለአባዬ ደወለች። የአባዬ ስልክ የት እንደነበር ልንገራችሁ? እንደ ወትሮው ወጥ ቤት መስኮት ላይ። የኔ ቁጥር ደግሞ የላትም። ስለዚህ ራሷ መኪናዋን አስነስታ ታችኛው መስክ ወረደች።

ይሄን በኋላ ነው የነገረችን። ጊደሮቹ በሙሉ በሩ ጋ ተኮልኩለው ነበር። ውሃው ሸቷቸዋል። የውሃ መለኪያውን እንጨት ለማየት በሩን ስትከፍት ለመውጣት ተጋፏት፣ ደረት ደረታቸውን በእጇ እየገፋች መለሰቻቸው። ላሚንግተን እጇን ላሰቻት። ከበሩ በላይ አባዬ የዘራው አጃ አለ፣ ገብተው እንዳያጠፉት ፈራች። ውሃው ገና እንጨቱ ሥር ነው፣ ሄጄ ዳሪልን ላምጣው፣ እሱ ያውቃል አለች። ወጣች፣ ዘጋች፣ ሰንሰለቱን ነቅነቅ አድርጋ አየች።

ገበያው ውስጥ ስታገኘን ቆመን የሥጋ ፓይ እየበላን ነበር። እያለከለከች ነገረችው።

«ጊደሮቹስ?» አላት።

«በሩ ጋ ናቸው።»

«በሩስ?»

«እንዳገኘሁት ተውኩት» አለች።

ፊቷን አይቼዋለሁ። ፈተና በትክክል የመለሰ ልጅ ፊት ነበር። አባዬ የያዘውን ፓይ አጥሩ ላይ አስቀመጠው፣ ቀስ ብሎ፣ የሚሰበር ነገር ይመስል። ከዚያ ወደ መኪናው ሮጠ።

መንገዱን ሙሉ እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም። በሩ ያለው የድሮ ቦይ ላይ ነው። ከመስኩ ሁሉ ዝቅ ያለው እዚያ ነው፣ ውሃው መጀመሪያ የሚገባውም በዚያ ነው። መስኩ መሃል ጉብታ አለ፣ እዚያ ቢወጡ ይተርፉ ነበር። ግን አባዬ ሁልጊዜ ድርቆሽ ይዞ የሚመጣላቸው በበሩ ነው። እሱን እየጠበቁ ነበር።

ስንደርስ ከበሩ የሚታየው የላይኛው ብረት ብቻ ነው። አባዬ ከነልብሱ ገባ። ሰንሰለቱን ውሃ ውስጥ እየዳበሰ ፈታው፣ ግን በሩ የሚከፈተው ወደ እነሱ ነው፣ እነሱና ውሃው ተጭነውት እምቢ አለ። ኖርም ደርሶ የአጥሩን ሽቦ ቆርጦ ሲጨርስ የሚወጣ አልነበረም። ፓቭሎቫ ብቻ ዋኝታ ጉብታው ላይ ወጥታለች። እዚያ ቆማ ትጣራለች።

በማግስቱ ሮዊና መጣች። የመንገዱን በር ዘግታ ነው የገባችው፣ በመስኮት አየኋት።

«ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ለቢሮው እናገራለሁ» አለችው፣ እንደቆመች። «ያልከኝን አስታውሳለሁ። ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ተቀመጪ።»

«ዳሪል፣ ከፍቼው ቢሆን ኖሮ...»

«ማነው ያስተማረሽ?»

ፋይሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማነው ያስተማረሽ አልኩሽ።»

«አንተ።»

«እንግዲህ። ብዕር ስጪኝ።»

«እንዲህ ሆነህ አላስፈርምህም። ዛሬ አልቀበልህም።»

«ታች የምጠብቀው ምን አለኝ? ውሃው ይተኛበት» አላት።

ፋይሉን በመዳፏ ተጭናው ነበር። ከእጇ ሥር ስቦ አወጣው። የት እንደሚፈረም እንኳን አልጠየቀም፣ ስትመላለስ በቃሉ ይዞታል። እሷ ናት ያለቀሰችው።

ኖርም ማሽኑን አምጥቶ ጉብታው ላይ ጉድጓድ ቆፈረላቸው። ያን ቀን አልቀለደም። አባዬ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል፣ ፓቭሎቫ አሁን ቤቱ አጠገብ ነው የምትውለው። ጫካው ቅጠል ማውጣት ጀምሯል ይላሉ። እኔ ሄጄ አላየሁም።

አጥር ለማየት አሁንም ወደ ታች እንወርዳለን። በሩ የነበረበት ጋ ሲደርስ አባዬ መኪናውን ያቆማል። ሁለት ቋሚ አለ፣ መሃላቸው ባዶ ነው። እኔ እወርዳለሁ፣ እሱ ያልፋል፣ ትንሽ ቆሜ ሮጬ እገባለሁ። አንድ ቀን፣ በር እኮ የለም ብዬ፣ ሳልወርድ ቀረሁ። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፊት ለፊት እያየ ጠበቀ።

ወረድኩ።