ቀይዋን መብራት ማን አጠፋት?

ታቢታ ሁለት ነገር ታምን ነበር፤ ጌታንና ታናሽ ወንድሟን ሮቢን። አሮጌዋን ሚኒባሷን ግን በጥርጣሬ ነበር የምትነዳት።

ጥርጣሬው ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። በሚኒባሷ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልጆችን ትምህርት ቤት እያመላለሰች ነው የምታድረው፤ ሞተሯ ከሞተ እንጀራዋም ሞተ። ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ማንቆርቆሪያ የምትመስለዋ ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ችላ አላለቻትም። ቤት እንደደረሰች ለሮቢ ነገረችው። ሮቢ የመኪና ነገር ይገባዋል። ቅዳሜ እንኳ «መዘምራኑን ላመላልስበት» ሲላት ቁልፉን ያለ አንዳች ቃል ነበር የሰጠችው።

ሮቢ መኪናዋ ሥር ገብቶ ቆየና እጁን እየጠረገ ወጣ።

«አጠፋሁት» አላት።

ሞተሩን አስነስታ አየች። እውነትም መብራቷ የለችም።

«ተባረክ!» ብላ ግንባሩን ሳመችው። እናታቸው ካለፈች ወዲህ አዝላም ቆጥታም ያሳደገችው እሷ ናትና ኮራችበት።

በማግስቱ ጠዋት ፒያሳ ላይ፣ ልጆቹ ከኋላ ሲንጫጩ፣ ሞተሩ ይንቋቋ ጀመር። ዳር ሳትይዝ ድርቅ ብሎ ቆመ። ልጆቹን በባጃጅ አሳፍራ ላከችና መኪናዋን መናኸሪያ አካባቢ ወዳለው የጋሽ ከድር ጋራዥ አስጎተተች። ሮቢም ስትደውልለት እየሮጠ መጣ።

ጋሽ ከድር ከሥር ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሞተሩ ነክሷል ልጄ። ዘይት የለውም፤ ብረት ብረትን በላው። የዘይት መያዣውን ድንጋይ ሰንጥቆታል።»

«ምነው ታዲያ መብራቷ ሳትበራ? በርታ ቢሆን ወዲያው አቆም ነበር እኮ፣ ጋሽ ከድር!»

«በምን ትብራ? ገመዷ ተነቅሎ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ይኼ የሰው እጅ ነው።»

ታቢታ ከአስፋልት ወርዳ አታውቅም። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ወንዶ ገነት» አለ ሮቢ መሬት መሬቱን እያየ። «ከጓደኞቼ ጋር። ድንጋይ መታን። ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው ታቢዬ። እስከ እሁድ ቀስ ብዬ ላሠራው ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ስለ ሚኒባስ ግን ማንም አላስጠነቀቃትም። ታቢታ ውስጧ ተቃጠለ። የመዘምራኑ ውሸት አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩም ቢሆን ብረት ነው። ይህ ልጅ ግን ጀርባውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ዘይቱ ፊቱ ላይ ሲንጠባጠብ እያየ፣ ናስትሮዋን አስተካክሎ ጠቀለለ። ከዚያ ወጥቶ ግንባሩን ለመሳም ዝቅ አደረገላት። ጠዋትም የሰው ልጆች ጭና ስትወጣ በሩን የከፈተላት እሱ ነው።

«አጥፍቻለሁ» አለ ሮቢ እንባው እየመጣ።

«እሱንማ ትናንት ነግረኸኛል» አለች ታቢታ። «እኔ ነኝ መብራቷን ያልክ መስሎኝ የሳምኩህ።»