ቀኝሽ የቱ ነው?

እስቲ ፍረዱኝ። ወንድሙ እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። "ቀኝ ኋላ ዙር!" ስል ሜዳ ሙሉ ተማሪ እንደ አንድ ሰው ይዞርልኝ ነበር። ፊሽካዬን ሲሰሙ አጥር ዘለው የወጡት ሰነፎች እንኳ ተመልሰው ይሰለፉ ነበር። ጡረታ ወጥቼ ታቦር ሰፈር ባለችው ቤቴ ስቀመጥ ግን የማዘው አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ፤ እሷም አልታዘዝ አለችኝ።

ባለቤቴን አባይነሽን ማለቴ ነው። አምና ክረምት ሲገባ ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ ከዳት። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ከሁሉም ፊት ቆማ የምታጨበጭብ ሴት ነበረች፤ ያ እጇ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ንግግሯ ቀስ እያለ ተመለሰ። እግሯ ግን አስቸገረ። ሆስፒታል የምትከታተላት ፊዚዮቴራፒስት ሙንተሃ እቅጩን ነገረችን፤ እግሩ በየቀኑ ካልሠራ መራመድን ይረሳዋል፣ አንዴ ከረሳ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው አለች። እኔም ይሄማ የኔ ሙያ ነው ብዬ ተቀበልኳት።

በየጠዋቱ ሳሎን ግድግዳው ሥር አቆማትና እጀምራለሁ። "ቀኝ አንሺ፣ አሳርፊ። ግራ አንሺ፣ አሳርፊ። ግድግዳ ያዢ። ቆም በይ፣ ተንፍሺ።" እየሄደልን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ ስላት ግራዋን፣ ቀኝ ስላት ግራዋን እያነሳች አስቸገረችኝ። የሜዳ ድምፅ ደግሞ ለሳሎን ብሎ አያንስም። "ቀኝሽ የቱ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ምን ክፉ ነገር አለው? ስንት ሺህ ተማሪ ላይ የጮህኩት ነው። አባይነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ወንበሬ መልሰኝ አለች፤ መለስኳት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልነሳም አለች።

ለመንኩ። ተቆጣሁ። አኮረፍኩ። ፊሽካዬን ከሳጥን አውጥቼ ለቀልድ ነፋሁላት፣ ፊቷን አዞረች። ሁልጊዜ መልሷ "ነገ" ነው። ሙንተሃ በሄድን ቁጥር እግሯን ነካ ነካ አድርጋ እኔን ታየኛለች፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን አያለሁ። ቀኑ እየሄደ ነው፣ እግሩ እየረሳ ነው፣ ሴትዮዋ ወንበሯ ላይ ናት።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ዘፈኑ የመጣው። ከፒያሳ መድኃኒቷን ገዝቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ስፒከሩን ለቆታል። ኪቦርዱ ደለቅ ደለቅ ይላል፣ አንድ ልጅ በላዩ ላይ ያዛል፦ ቀኝ አንሺ፣ አሳርፊ፤ ግራ አንሺ፣ አሳርፊ፤ ግድግዳ ያዢ፤ ቆም በይ፣ ተንፍሺ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቀጠለና "ቀኝሽ የቱ ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ ሰዉ በአንድ ድምፅ "ይሄ ነው!" ብሎ መለሰ፣ ሹፌሩም መሪውን ለቆ ቀኝ እጁን ሰቀለ። ሊገለብጠን ነበር። ምንድነው ይሄ ብዬ ብጠይቀው፣ ፋዘር የት ነበሩ፣ ሠርጉም ምርቃቱም በሱ ነው፣ ቲክቶኩን ሞልቶታል አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄው ነው።

ማን እንደሠራው ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራየን ሕዝቅያስ የሚባል የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። የሱ ክፍልና የኛ ሳሎን ግድግዳቸው አንድ ነው። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁበት። ልጁ ገና ሲያየኝ ገብቶት ኖሮ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

ነገሩን እንዲህ አድርጎ ነገረኝ። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው ወገን በአንድ በኩል፣ የሙሽሪት ወገን በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። የአንዱን አገር ጭፈራ ሲጫወት ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል፣ ያኛውን ሲጫወት ይኸኛው ይቀመጣል። መሀሉ ባዶ ሆነ። ላብ ሲያጠምቀው በየጠዋቱ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው ነገር በአፉ መጣለት። "ቀኝ አንሺ" ሲል አንዲት ሴት ተነሳች፣ ከዚያ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። "ግድግዳ ያዢ" ሲል ሰዉ ግድግዳ ሲያጣ የፊተኛውን ትከሻ ይዞ ተሰለፈ።

"ጋሼ፣ ሰው መጨፈር አያፍርም" አለኝ። "የሚያፍረው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ሲቀር ነው። እርስዎ ደግሞ ይነግሩታል።"

እኔ ወንድሙ! ቤቴ ውስጥ አንዲት ሴት ማንቀሳቀስ ያቃተኝ ሰውዬ፣ ለካ ከተማውን በሙሉ አስነስቼዋለሁ። ጢሙን ያጎፈረ ጎልማሳ ሁሉ "አንሺ" ሲሉት ያነሳል፣ "አሳርፊ" ሲሉት ያሳርፋል። ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ያ "ቀኝሽ የቱ ነው?" ነው። አባይነሽን ያስቀመጣት ያ ቃል ነው፤ አሁን ሰዉ ሁሉ እየሳቀ ይጨፍርበታል። ሰው እንደሳቀባት ካወቀች ያ እግር እስከ መጨረሻው አይነሳም ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ መደበቅ ሆነ። ሙዚቃ ያለበት ቻናል ሲመጣ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ፣ ባጃጅ ሲያልፍ መስኮት እዘጋለሁ። ሕዝቅያስንም ልምምድህን እኔ ከቤት ስወጣ እንኳ ቀስ አድርገው ብዬ አስጠነቀቅኩት። ከውጭ ስመለስ ብዙ ጊዜ ወንበሯ በሰርቪሱ በኩል ወዳለው ግድግዳ ተጠግቶ አገኘዋለሁ፤ ፀሐይ ሸሽታ መስሎኝ እመልሰዋለሁ። የግድግዳው ቀለምም በእጅ ቁመት ከዳር እስከ ዳር ወዝቶ አየሁና፣ ቆሻሻ እጃችሁን አታሳርፉበት ብዬ የጎረቤት ልጆችን አምባረቅኩባቸው። ልጆቹ አንገባም ብለው ማሉልኝ፣ አላመንኳቸውም።

ከዚያ የሳያት ሠርግ መጣ። ሳያት የባለቤቴ ወንድም የማቴዎስ ልጅ ናት። ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በሱ ቤት ዘፈን የሚባል ነገር አይታወቅም። የሠርጉን ኪቦርድ የያዘው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሕዝቅያስ። እኔ ግን ማቴዎስን ተማምኜ ነበር። ሄጄ፣ ወንድሜ፣ ልጆቹ አንድ ዓለማዊ ዘፈን ሊያስገቡብህ ነው፣ ከልክል አልኩት። ስልክ ላይ ክፈትልኝ አለ። መነጽሩን አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲያልቅ ድገመው አለኝ። ደገምኩለት።

"ወንድሙ፣ ውዴ የለበት፣ ከንፈር የለበት፣ ወገብ የለበት" አለኝ። "ይሄ ስፖርት ነው። አንተ የስፖርት አስተማሪ ሆነህ እንዴት ስፖርት ትቃወማለህ?"

ምን ልበለው? እህትህ ላይ የጮህኩት ነገር ነው ልበለው? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ወደ ሕዝቅያስ ሄጄ አባይነሽ ባለችበት እንዳትጫወተው ብዬ አስማልኩት። ማለልኝ።

የሠርጉ ቀን አባይነሽን ግራና ቀኝ ደግፈን ሐይቅ ዳር ያለው አዳራሽ አስገባናትና ከፊት ረድፍ አስቀመጥናት። የሙሽራው ቤተሰቦች ከሰሜን የመጡ ናቸው። መዝሙሩ ላይ እኛ ቆመን ስናጨበጭብ እነሱ በጨዋ ደንብ ተቀመጡ። ከምሳ በኋላ ለነሱ ተብሎ አንድ ምት ሲመታ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ተነሱ፣ የኛ ሰዎች በተራቸው ሳህናቸውን ማየት ጀመሩ። መሀሉ ባዶ ሆነ። ሳያት ቬሏን ይዛ ግራ ተጋብታ ቆማለች። ይሄኔ ማቴዎስ ማይክራፎኑን ተቀብሎ፣ "እስቲ ያንን ስፖርት አሠሩን" አይልም መሰላችሁ!

ሕዝቅያስ እኔን አየ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ማቴዎስ ደግሞ በእጁ ቀጥል አለው። ልጁ ምን ያድርግ፣ የሙሽሪት አባት እኮ ነው። ኪቦርዱ ደለቅ ደለቅ ማለት ጀመረ።

ከጓደኞቼ መሀል ተነስቼ ወደ አባይነሽ ሮጥኩ። ንፋስ ይምታሽ ብዬ ወደ ሐይቁ ላወጣት ነበር። ስደርስ ግራ እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጋ እየተነሳች ነው።

"ተቀመጪ" አልኳት። ስንት ወር ሙሉ ተነሺ ስል ከርሜ አሁን ተቀመጪ አልኩ። እሱንም አልታዘዝ አለች።

ቀኝ አንሺ አለ ዘፈኑ። ቀኟን አነሳች። እግሩ መሬት ላይ እየተጎተተ ነው፣ ግን ተነሳ። አሳርፊ፣ አሳረፈች። ግራ አንሺ፣ አነሳች። ከፊቷ የቆመች አንዲት የሙሽራው አክስት ትከሻዋን ሰጠቻት፤ አባይነሽም ያዘቻት። ያኔ ነው ወንበሩ ለምን ወደ ግድግዳው ይጠጋ እንደነበር የገባኝ፤ የግድግዳው ወዝም የማን እጅ እንደሆነ። እኔ ከቤት ስወጣ፣ ልጁ ከወዲያ ሲለማመድ፣ እሷ ከወዲህ ግድግዳውን ይዛ ስትራመድ ከርማለች።

ቆም በይ፣ ተንፍሺ አለ። አዳራሹ ቀጥ አለ። እሷም ቆመች፣ ተነፈሰች።

"ቀኝሽ የቱ ነው?"

"ይሄ ነው!" አለ ሰዉ ሁሉ፣ አዳራሹ በተነሳ እጅ ተሞላ። የአባይነሽ ቀኝ እጅ ቀስ እያለ ከጎኗ ተነሳ፣ ወገቧ ላይ ደረሰ፣ ደረቷ ላይ ደረሰ፣ እየተንቀጠቀጠ ትከሻዋ ላይ ቆመ። የሰዉ ድምፅ አልቆ ጸጥ ካለ በኋላ እሷ ለብቻዋ "ይሄ ነው" አለች።

ማቴዎስ ማይክራፎኑን እንደያዘ ያለቅሳል። እኔም እንባዬ መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ደግሞ ተናደድኩ። የኔው ቃል እኮ ነው! እኔ ስለው እንቢ ብላ ለኪቦርድ ታዘዘች። ዘፈኑ እንደገና ሊጀምር ሲል ፊቷ ሄጄ ቆምኩ። ቀስ በይ፣ መጀመሪያ ቀኝሽን፣ ጉልበትሽን ቀና አድርገሽ እያልኩ ጀመርኩ።

"ወንድሙ" አለችኝ። "ዝም በልና ዙርልኝ።"

ዞርኩላት። ግድግዳ ያዢ ሲል ያ ጭኗ ላይ ተጋድሞ የከረመው እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከበደኝ። ከፊቴ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ከኋላዬ እሷ አለች። ቀኝ አንሺ ተባለ። አነሳሁ።

"ወንድሙ" አለች ከኋላዬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቀኝህ የቱ ነው?"

ጎንበስ ብዬ ባይ ያነሳሁት ግራዬን ነው።